የድሮ ድራይ ክሊኒንግ ቤት ልገዛ ነው፤ የመሬቱ ብክለት ዕዳ እኔ ላይ ይመጣል?

ሰላም ወገኖች። ያለሁት ሜሪላንድ ነው። ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሆን ቤት አግኝቼ ቀብድ ከፍያለሁ። ችግሩ፣ ቤቱ ለዓመታት ድራይ ክሊኒንግ ነበር። ፐርክ የሚባለው ማጠቢያ ኬሚካል ወለሉን አልፎ አፈሩ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል አሉኝ።

እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው፣ ሱፐርፈንድ የሚባለው የአሜሪካ የተበከለ መሬት ማጽጃ ሕግ «እኔ አልበከልኩም» ቢሉት አይሰማም። የአሁኑን ባለቤትም ያስከፍላል። በ2002 ግን ለቅን ገዢ መከላከያ ተጨምሮበታል። ገዢው ከመግዛቱ በፊት የቦታውን ታሪክ በባለሙያ ማስጠናት አለበት። ጥናቱ በግዢው ጊዜ ከተሠራ ከአንድ ዓመት በላይ ያለፈው መሆን የለበትም፤ ዋና ዋና ክፍሎቹ ደግሞ ከግዢው በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ መታደስ አለባቸው።

ሻጩ የሰጠኝ ጥናት ስምንት ወር ሆኖታል። ያውም ለሌላ ሰው የተሠራ ነው። ደላላዬ «ይበቃል፣ አትጨነቅ» ይለኛል። እሱማ ኮሚሽኑን ነው የሚያየው! ለፊርማው ሦስት ሳምንት ቀርቶናል።

በዚህ ያለፈ አለ? ያንኑ ጥናት በስሜ ላሳድስ ወይስ እንደ አዲስ ላሠራ? አፈሩ ተመርምሮ ብክለት ቢገኝስ፣ አውቄ መግዛቴ ጥበቃውን ያስቀርብኛል? ሕጉ ከግዢ በኋላም «ተገቢ እርምጃ» ውሰድ ይላል፤ እስከ ምን ድረስ? አማርኛ የሚችል የአካባቢ ሕግ ጠበቃ የምታውቁም ጠቁሙኝ፣ በእናታችሁ።