ሴት ልጆቼን እንዴት ልያዛቸው? እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ፤ ትልቋ 14፣ ትንሿ 12 ዓመቷ ነው። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። አባታቸው ለሥራ ክፍለ ሀገር ስለሚመላለስ ብዙውን ጊዜ ብቻዬን ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የትልቋን ቦርሳ ላጥብ ስገለብጠው ሊፒስቲክና አርቴፊሻል ሽፋሽፍት ዱብ አለ። የ8ኛ ክፍል ሒሳብ ደብተሯ ከሥር ተጨማዶ አገኘሁት። ደነገጥኩ፣ ጮህኩባት። "ጓደኞቼ ሁሉ ይቀባሉ፤ አንቺ ብቻ ነሽ የምታካብጂው" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አኩርፋኛለች።

ትንሿ ደግሞ የምታየው እሷን ነው። ቲክቶክ ከ13 ዓመት በታች አይፈቀድም፤ እሷ ግን የልደት ዓመቷን ቀይራ ከፍታለች። ስልኩን ስቀማት በጎረቤት ልጅ ስልክ መግባት ጀመረች።

እኔ ያደግኩት በቁንጥጫና በበርበሬ ጭስ ነው። እናቴን እፈራት ነበር እንጂ የልቤን ነግሬያት አላውቅም። ያንን በልጆቼ መድገም አልፈልግም። ዝም ብዬ ልቅ መልቀቁም ያስፈራኛል። ሜካፑን ለበዓልና ለሠርግ ብቻ ልፍቀድ? ስልኩን ማታ 3 ሰዓት ላይ ልሰብስብ? በዚህ ዕድሜ ሴት ልጅ ያሳደጋችሁ እናቶች፣ ገደቡን የት ላይ አደረጋችሁት? ያኮረፈችኝንስ በምን ብዬ ላናግራት?