ስኳር ያለብን ሴትና ወንድ ራሳችንን እኩል ነው እንዴ የምናየው?

የሀይቅ ልጅ፦
ሰላም ያ ጀመዓ። እኔና ታላቅ ወንድሜ ሁለታችንም ታይፕ 1 ነን፣ ሰውነታችን ኢንሱሊን የማይሰራበት ስኳር፣ የኢንሱሊን ብልቃጦቻችን ፍሪጅ ውስጥ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። ግን የሱ ህመም ቡና ላይ ለጎረቤት ይወራል፣ የኔ ሲሆን እማዬ "ቀስ በይ ሰው ይሰማል" ትላለች፣ ሽማግሌ የሚልክ እንዳይጠፋ ፈርታ። የወሎ ቆንጆ ሲባል እየሰማሁ አድጌ አሁን ሆዴ ላይ የመርፌ እብጠት አለኝ፣ ቀሚስ ስለካ አይኔ እሱ ላይ ነው። ኢንሱሊን ከጀመርኩ ደሞ ወፍሬያለሁ፣ አንዳንዴ ዶዙን ቀነስ ማድረግ ያምረኛል። ወንድሜ ግን ስለ መልኩ ሲጨነቅ አላየሁም። የሴት ነገር ነው ወይስ ወንዶች ትደብቃላችሁ?

ነርሷ ከኮምቦልቻ፦
አብሽሪ የኔ እህት፣ ግን ዶዝ መቀነሱን እርሺው። በፊት የከሳሽው ስኳሩ በሽንት እየወጣ ሰውነትሽ የራሱን ስብና ጡንቻ ስለሚበላ ነበር፣ አሁን የበላሽው ሰውነትሽ ላይ መዋል ጀመረ። ለመክሳት ብሎ ኢንሱሊን መተው ወጣት ሴቶች ላይ ነው የሚበዛው፣ መጨረሻው ኬቶአሲዶሲስ ነው፣ ኢንሱሊን ሲያጥር ደም አሲድ የሚሆንበት ማለት ነው፣ ትውከት፣ የሆድ ቁርጠት፣ ከዛ ድንገተኛ ክፍል። እብጠቱ አንድ ቦታ ደጋግሞ ከመውጋት የሚመጣ ነው፣ እዛ ጋ ስለማያም ሰው ይወደዋል ግን መድሃኒቱ በአግባቡ አይሰራጭም። ከትናንቱ የጣት ስፋት ያህል ራቂ፣ ሆድና ጭን አፈራርቂ። ጤነኛው ቦታ ላይ ስትጀምሪ ስኳርሽ ሊወርድ ስለሚችል ለሐኪምሽ ንገሪ፣ ቶሎ ቶሎም ተለኪ።

አባወራው ደሴ፦
አዎ እንደብቃለን ወላሂ። እኔ ታይፕ 2 ነኝ፣ ሰውነት ኢንሱሊኑን በደንብ የማይጠቀምበት፣ ሲጀምረኝ ከስቼ ሱሪዬ ወገቤ ላይ አልቆም አለ፣ ፒያሳ ያገኘኝ ሁሉ "ምነው ምን ነካህ" ሲለኝ መውጣት ጠላሁ። ሴት ስትከሳ አማረባት ይባላል፣ ወንድ ሲከሳ አለቀለት ነው። በርጫ ላይ ስኳር የበዛበት ሻይ ሲመጣ ጨጓራዬን ነው ብዬ አልፋለሁ እንጂ ስኳር የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣም። የመኝታው ጉዳይ ደሞ አለ፣ ስኳር ነርቩንና ደም ስሩን ስለሚጎዳ ብዙ ወንድ ላይ ይመጣል፣ ሰውየው ዝም ይላል ሚስት ሌላ ለመደ ብላ ታኮርፋለች። ህክምና አለው፣ ግን ክሊኒክ ሰልፍ ላይ የአክስትህ ልጅ ከኋላህ ቆማ ማን አፉን ይከፍታል ሃሃሃ

እትዬ ወልድያ፦
ለእናትሽ ንገሪልኝ፣ እኔ ስኳር እያለብኝ ነው ተድሬ የወለድኩት። አትወልድም የሚሉት ወሬ ነው፣ ዋናው ከማርገዝ በፊት ስኳሩን ማስተካከል ነው፣ የልጁ ልብና አከርካሪ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሚሰራ ማርገዝሽን እስክታውቂ ጊዜው ያልፋል። አማቴ "ታማሚ ዳሩልኝ" ማለቷ አልቀረም፣ ባሌ ቢሆን በሽተኛው ማን ይጠይቅ ነበር? ደብቆ መዳር ግን አይሆንም፣ ረመዳን ሲመጣስ ምን ልትይው ነው?

የሀይቅ ልጅ፦
ኑሩልኝ። ወንድሜን ማታ ጠየቅኩት፣ ከጓደኞቹ ጋ ሲሆን ሽንት ቤት ገብቶ በሸሚዙ ላይ ነው የሚወጋው አለኝ፣ እኔ እኮ ደንታ የለውም ስል ነበር። በልብስ ላይ ችግር አለው?

ነርሷ ከኮምቦልቻ፦
አይመከርም፣ መርፌው የት እንደገባ አያይም፣ እብጠት ላይ ይሁን ጤነኛው ላይ በምን ያውቃል። ሸሚዙን ገለጥ ያርግ በይው፣ የሱንም ሆድ ዳሰስ አርጊና እብጠት ካለ ይዘሽው ነይ።