ክርክር፦ ንጉሡ ከወደቀ በኋላ የዘውድ ጎዳና ቤቶች ለማን ይሁኑ?

አስተባባሪዋ፦ በጋራ የምንጽፈው ልብ ወለድ ሁለተኛ ክፍል ላይ ደርሰናል። ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዷል፤ ከቤተ መንግሥቱ በር እስከ ወንዙ በተዘረጋው የዘውድ ጎዳና ግራና ቀኝ ቪላ የነበራቸው መኳንንትና ባለጸጎች ተሰደዋል። አዲሱ መንግሥት ቤቶቹን ለቤት አልባው ያከፋፍል ወይስ በቅርስነት ይጠብቅ?

ካርታ ሠሪው፦ ይከፋፈሉ። ጎዳናውን ስስል ከጀርባው ያለውን ሰፈርም አብሬ ስያለሁ፤ በአንዲት ክፍል ሰባት ስምንት ሰው የሚያድርበት ነው። ከፊቱ ሃያ ክፍል ያለው ቤት ባዶውን እየዋለ ሕዝቡ ዝም ብሎ ያያል ብለን ከጻፍን ማንም አያምነንም።

የታሪክ ተማሪዋ፦ ማከፋፈሉ ተሞክሯል። ከ1917ቱ (እ.ኤ.አ.) የሩሲያ አብዮት በኋላ የባለጸጎቹ ትልልቅ አፓርታማዎች ተሸንሽነው ለየቤተሰቡ አንዳንድ ክፍል ተሰጠ፤ ወጥ ቤቱና መጸዳጃው የጋራ ሆነ። ኮሙናልካ የሚሉት ይህን ነው። ሰው መጠለያ አገኘ፣ አልክድም፤ ነገር ግን ገመናውን የሚሸፍንበት ቦታ አጣ። በኒው ዮርኩ አምስተኛ ጎዳና ደግሞ የባለጸጋው የሄንሪ ፍሪክ ቤት በ1935 ሙዚየም ሆኖ ስለተከፈተ ዛሬም ቆሟል። እዚያው ጎዳና ላይ የነበረው የሌላው ባለጸጋ የዳግማዊ ኮርኔሊየስ ቫንደርቢልት ቤት ግን በ1920ዎቹ ተሸጦ ፈረሰ፤ ቦታው ላይ መደብር ተሠራበት።

ካርታ ሠሪው፦ እህቴ፣ ፍሪክ እኮ ለቤቱ ማስተዳደሪያ የሚሆን ገንዘብ ጭምር ተናዞ ነው የሞተው። የእኛዎቹ ያላቸውን ጠራርገው ነው የሄዱት። ሙዚየሙን ማን ያኑረው?

አናጺው፦ ሁለታችሁም ቤቱን ራሱን ችሎ እንደሚቆም ነገር ይዛችሁታል። እንዲህ ያለ ቤት የሚቆመው በሠራተኛ ጉልበት ነው። የጣሪያው አሸንዳ በየጊዜው ካልተጠረገ ውኃው ወደ ግድግዳው ይመለሳል፤ ወለሉን የተሸከመው እንጨት ጫፉ ግድግዳው ውስጥ ስለተቀበረ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ከማይታየው ቦታ ነው። ወጥ ቤቱ አንድ፣ እሱም ምድር ቤት ነው፤ ምግብ ወደ ላይ የሚያመላልስ አሽከር ስለነበር ማንም አልተቸገረም። ለአሥር ቤተሰብ ስትከፍሉት ግን የውኃ መስመሩና ፍሳሹ ለአንድ ቤተሰብ የተለካ ነው። ክፍል ለመለየት የምታቆሙት ግድግዳም ክብደቱ የሚያርፈው ለእንግዳ መቀበያ በተዘረጋ ወለል ላይ ነው።

ታዲያ የቤቱን ሕመም የሚያውቀው ማን ነው? ምድጃውን ስታነድ የኖረችው፣ አሸንዳውን ሲጠርግ ያረጀው። ልጄ፣ አንተ የሣልከው የጀርባ ሰፈር የእነሱ ነው እኮ! በመጀመሪያው ክፍል የመኳንንቱን ሰርግና ቀብር ስንተርክ እነሱን አንዴም በስም አልጠራናቸውም፤ ይህ ያሳዝነኛል። ቤቱ ከነጥገና በጀቱ ለእነሱ ይሰጥ፤ አዳራሹ ለሕዝብ ክፍት ይሁን።

አስተባባሪዋ፦ ለኤምባሲ መሸጥስ? በዋሽንግተን ማሳቹሴትስ ጎዳና ከ1929ኙ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ብዙ ቪላዎች እንዲያ ተርፈዋል።

የታሪክ ተማሪዋ፦ ቤቱ ይተርፋል፤ በሩ ግን እንደተዘጋ ይቀራል። ይህን አልደግፍም። በጋሼ ሐሳብ ግን እስማማለሁ፣ አዳራሹ ከተከፈተ ይበቃኛል።

ካርታ ሠሪው፦ እኔ አይበቃኝም። ጋሼ፣ ያሉት ልክ ነው፤ ግን ቪላው ውስጥ ያገለገለው ብቻ ቤት ካገኘ ሸክም ተሸካሚውና ልብስ አጣቢዋ የት ይግቡ? በፓሪስ በ1854 የተከፈተው፣ ዛሬ ፎሽ የሚባለው ጎዳና 120 ሜትር ስፋት አለው፤ አብዛኛው ሣርና ዛፍ ነው። የእኛንም በዚያው ልክ ነው የሣልኩት። በአንደኛው ወገን ባለው ሣር ላይ አዲስ ቤት ይሠራ፣ በመሐል ትራም ይለፍ። በቡዳፔስት የአንድራሺ ጎዳና ውበት እንዳይበላሽ ትራም ተከልክሎ፣ በ1896 ባቡሩ ከመሬት በታች እንዲሄድ ተደረገ። የእኛ ሕዝብ ግን ከላይ፣ በፀሐይ ይሂድ።

አናጺው፦ ትራሙን ተቀብያለሁ። ሣሩን አትንካው፤ በጀርባ ሰፈር የሚያድጉ ልጆች የሚሮጡበት ሌላ ቦታ የላቸውም። አዲሱን ቤት በቪላዎቹ ጓሮ፣ የሠረገላና የፈረስ ማደሪያው በነበረበት ሥራ። ሰፊ ነው፤ የሚያድርበትም የለም።

ካርታ ሠሪው፦ ጓሮዎቹን ገና አልለካኋቸውም። ለክቼ ስንት ቤተሰብ እንደሚይዙ ልንገራችሁና ያኔ ድምፅ እንስጥ።