ወይን መቅመስ ከየት ይጀመራል?

የካዛንቺሷ
ሰላም ናችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር ቦሌ ራት ወጥተን ነበር። አስተናጋጁ ቀይ ወይን ከፈተና ለእኔ ትንሽ ቀድቶልኝ ቆሞ ጠበቀ። ቀመስኩት። አፌ ድርቅ አለ፣ ድዴን ያዘኝ። ጥሩ ይሁን መጥፎ በምን ልወቅ? "አሪፍ ነው" አልኩት። ሌሎቹ ስለ ቼሪ፣ ስለ እንጨት ሽታ ምናምን ያወራሉ፣ እኔን የሸተተኝ ወይን ብቻ ነው። እስካሁን የማውቀው አክሱሚት ነው፣ እሱንም የምወደው ስለሚጣፍጥ ነው። የምሬን መማር እፈልጋለሁ። ብዙ ብር ሳላወጣ ከየት ልጀምር? አስተናጋጁስ ምን እንድለው ነበር የፈለገው?

አቦል
እህቴ፣ አስተናጋጁ ማወቅ የፈለገው ወይኑ ተበላሽቷል ወይ የሚለውን ብቻ ነው። ወደድሽው አልወደድሽው አይደለም ጥያቄው። አሽትተሽው እርጥብ ካርቶን ከሸተተሽ ቡሹ አበላሽቶታል፣ አቼቶ አቼቶ ካለሽም እንደዚያው። ያኔ መልሺው፣ ምንም ነውር የለውም። ደህና ከሆነ "እሺ፣ ቅዳልን" ማለት ይበቃል።

ድድሽን የያዘው ነገር ታኒን ይባላል። ከወይን ፍሬው ልጣጭና ዘር ነው የሚመጣው። ቤትሽ ሞክሪው፦ ሻይ ቅጠል አብዝተሽ አፍይና ያለ ስኳር ጠጪ። ጉንጭሽን ከውስጥ ጭምድድ የሚያደርገው እሱ ነው። ኮምጣጣነት ደግሞ ሌላ ነው፤ ሎሚ ስትልሺ ምራቅሽ ከጎንና ከጎን ይመጣ የለ? ወይኑን ከዋጥሽ በኋላ ምራቅሽ ከሞላ አሲዱ ከፍ ያለ ነው። አንዱ ያደርቃል፣ አንዱ ምራቅ ያመጣል። መጀመሪያ እነዚህን ሁለቱን ለዪ፣ ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል።

እኔ የቡና ቅምሻ ላይ ነው የምሠራውና ስለ ሽታ አንድ ነገር ልበልሽ። ቼሪ የሚሉት ወይኑ ውስጥ ቼሪ ገብቶ አይደለም፣ ሽታው ያንን ስለሚያስታውሳቸው ነው። ቼሪ እየበላሽ ካላደግሽ ከየት ይመጣልሻል? አንቺ የምታውቂው እንጆሪ፣ ፕሪም፣ ዘቢብ፣ ኮረሪማ፣ በወይራ የታጠነ ጋን ነው። በእነሱ ጥሪው፣ ትክክል ነሽ። ደግሞ ይህን ሞክሪ፦ አፍንጫሽን ይዘሽ ጎንጨት በይ፣ አፍሽ ውስጥ እንዳለ አፍንጫሽን ልቀቂ። ይዘሽው ሳለ የሚሰማሽ ጣፋጩ፣ ኮምጣጣውና መራራው ነው፤ ስትለቂ ድንገት የሚመጣው ሁሉ ሽታ ነው። እኔ ይህን ያወቅኩ ቀን ቡናውንም እንደ አዲስ ነው የቀመስኩት።

የለገሃር ልጅ
አቦል ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን አንድ ጠርሙስ ብቻውን ምንም አያስተምርም። ሁለት ጓደኛ ጥሪና ሁለት ጠርሙስ ጎን ለጎን ክፈቱ፣ ወጪውንም ትካፈላላችሁ። በጉደርና በአክሱሚት ጀምሪ። ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም የአዋሽ ወይን ጠጅ፣ ግን ጉደር ደረቅ ነው፣ አክሱሚት ጣፋጭ። ደረቅ ማለት ስኳሩ ወደ አልኮል ተለውጦ አልቋል ማለት ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። በሌላ ቀን ሪፍት ቫሊ ከሚባለው ወይን ሜርሎውንና ካበርኔ ሶቪኞኑን አወዳድሪ። ሁለቱም ካስቴል የሚባለው ወይን አምራች ዝዋይ ላይ ከሚያለማው እርሻ ስለሆኑ የምትቀምሺው ልዩነት በአብዛኛው የወይኑ ዝርያ ነው።

ብርጭቆውን ሲሶ ብቻ ቅጂ፣ ለማሽከርከርና ለማሽተት ቦታ ይኑረው። ነጭ ሶፍት ላይ ዘንበል አድርገሽ ቀለሙን እዪ። ቀዩንም ከመክፈትሽ በፊት ሃያ ደቂቃ ያህል ፍሪጅ ውስጥ አቆዪው፣ ሲሞቅ አልኮሉ አፍንጫ ይመታል። መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጠርሙስ ደግሞ በጭራሽ አትግዢ። እኔ አንዴ ከሰፈር ግሮሰሪ ገዝቼ፣ ወረቀቱ ከፊት በኩል ነጥቷል፣ ትከሻው ላይ አቧራ ተጋግሯል፣ ስቀዳው ቀይ መሆኑ ቀርቶ ቡናማ ሆኗል። የከፈትሽው ከተረፈ ቡሹን መልሰሽ ፍሪጅ ውስጥ ክተቺው፣ ሦስት ቀን ያህል ይቆያል።

እናት ጓዳ
የእኔ ልጅ፣ አክሱሚት እወዳለሁ ማለት አያሳፍርም። ዶሮ ወጥ ላይ እኮ ከደረቁ ይልቅ እሱ ነው የሚሻለው። ታኒንና አልኮል የበርበሬውን ማቃጠል ያብሱታል፣ ጣፋጩ ቀዝቀዝ ብሎ ሲቀርብ ግን ያበርደዋል። ያን ድድ የሚይዘውን ቀይ ለጥብስ ወይም ለክትፎ አቆዪው። መጀመሪያ ባዶውን ቅመሺ፣ ከዚያ አንድ ጉርሻ ሥጋ ብለሽ ድገሚው። ያው ወይን ለስልሶ ታገኚዋለሽ። ደግሞ ጠጅ ቀምሰሽ የምታውቂ ከሆነ የጌሾውን ምሬት ከማሩ መለየት ትችያለሽ፣ ይሄም ያው ነው።

የካዛንቺሷ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ እማማን ጨምሮ። ሻዩን ማታ ሞከርኩት፣ የቅዳሜው ወይን ራሱ ነው የመሰለኝ! ከዚያ ሎሚ ላስኩ፣ ልዩነቱ ወዲያው ነው የገባኝ። የፊታችን ቅዳሜ ሁለት ጓደኞቼ ይመጣሉ። ጉደሩን ገዝቻለሁ። አክሱሚት ግን ሱቁ ያለው መስኮቱ ላይ የተደረደረው ብቻ ስለነበር ትቼው ወጣሁ፣ ነገ ሜክሲኮ ጋ እፈልጋለሁ።