ለምርጫ ቦርድ የሚቀርበው የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት የጋራ ረቂቅ፦ እስከ ዓርብ አስተያየት ይሰጥበት

ጸሐፊ፦ የረቂቁ ዋና ጥያቄ ዓይነ ስውር መራጭ ብቻውን ድምፅ የሚሰጥበት፣ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ የሚገባበትና በእያንዳንዱ ዕጩ ትይዩ ቀዳዳ ያለው የካርቶን ማቀፊያ እንዲዘጋጅ ነው። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 29 የድምፅን ምስጢራዊነት ያስከብራል።

መስማት የተሳናቸው ተወካይ፦ የእኛ ማኅበር ስም በሽፋኑ ላይ ለምን መጨረሻ ሆነ?

ጸሐፊ፦ በፊደል ተራ ነው።

መስማት የተሳናቸው ተወካይ፦ የሁላችንም ስም «የኢትዮጵያ» ብሎ እየጀመረ የምን ፊደል ተራ ነው? ያለፈውን ስብሰባ የአዳራሽ ኪራይ የከፈልነው እኛ ነን።

ገንዘብ ያዥ፦ ግማሹን ነው የከፈላችሁት፤ ደረሰኙ በእጄ አለ።

የዓይነ ስውራን ተወካይ፦ በ2013 ምርጫ ረድቶኝ ምልክቱን ያደረገልኝ ጎረቤቴ ማንን እንደመረጥኩ እስከ ዛሬ ያውቃል። ረዳትን ራስ መምረጥ መብት ቢሆንም ምስጢርን አይተካም፤ እናንተ ግን ሁለት ቀን ሙሉ የምትነጋገሩት ስለ ሽፋን ነው።

መስማት የተሳናቸው ተወካይ፦ ስማችን ካልተስተካከለ ማኅተማችንን አናሳርፍም።

የተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ አባል፦ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኛ እንዲመቹ የሚያዘው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 እያለ እኔን በዚያው ምርጫ አራት ሰዎች ተሸክመው ነው ደረጃ ያወጡኝ። ድንኳን ይሻላል እንዳይባል ደግሞ የሰኔ ጭቃ ጎማ ይውጣል። ስሞቹን በክብ ጻፉና ተገላገሉ።

መስማት የተሳናቸው ተወካይ፦ በክብ ከሆነ እንስማማለን። ባለፈው በቁጣ ለተናገርኩት ይቅርታ።

ገንዘብ ያዥ፦ ወደ ማቀፊያው እንመለስና፣ ለተወካዮች ምክር ቤት ብቻ 547 የምርጫ ክልሎች ስላሉና የዕጩዎቹ ቁጥር በየምርጫ ክልሉ ስለሚለያይ፣ ወጪውን ሳናሰላ ብንጠይቅ በመጀመሪያው ገጽ ይጥሉብናል።

የዓይነ ስውራን ተወካይ፦ ማቀፊያው ስም አያስፈልገውም፤ የቀዳዳው ቁጥር ከዕጩዎቹ ጋር ከገጠመ ይበቃል፣ ተራውን አስፈጻሚው ያነባል። ናሙና ቆርጠው ሊያመጡ ቃል የገቡት አባል የት ደረሱ?

ጸሐፊ፦ ስልክ አያነሡም። ናሙና ስለሌለን ማቀፊያው ወደ አባሪ ተዛውሯል፤ ዋናው ጥያቄ ለምርጫ አስፈጻሚዎች የግማሽ ቀን የምልክት ቋንቋ ሥልጠና እንዲሰጥ ሆኗል። ስሞቹ በክብ ተጽፈዋል።

የዓይነ ስውራን ተወካይ፦ ታዲያ እኔ በምን ልፈርም ነው?

ገንዘብ ያዥ፦ የሥልጠናውን አዳራሽ ማን ይከፍላል?