ሊጉ ወደየክለቡ ሜዳ ይመለስ ወይስ እንዳለ ይቀጥል?

የሐይቅ ዳር ልጅ
የሐዋሳ ሰዎች፣ አንድ ጥያቄ ላንሳ። የእግር ኳስ ፕሪምየር ሊጋችን ከ2013 ጀምሮ ክለቦቹን በተመረጡ ከተሞች እየሰበሰበ ነው የሚጫወተው። መጀመሪያ ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ከዚያ እኛ ጋ ሐዋሳ። ኮሮና ነበር፣ ተቀበልነው። ኮሮናው ግን አለፈ፣ አሠራሩ ቀረ።

እኔ ይመለስ ባይ ነኝ፣ ሊጉን ለሚመራው አክሲዮን ማህበርም ደብዳቤ ልንጽፍ አስበናል። ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ሻምፒዮን ሲሆን ዋንጫውን ያነሳው ሕዝቡ ፊት እየተጫወተ ነው። የክለቡ በጀት ዛሬም ከከተማው ካዝና ይወጣል። ቡድኑ አዳማ ወይም ድሬዳዋ ሲከርም ግን ከፋዩ ሕዝብ ውጤት በስልክ ነው የሚሰማው። ይሄ ልክ አይደለም።

ሆቴል ሠራተኛዋ
እኔ አልስማማም። ሊጉ ሐዋሳ ሲመጣ ክፍላችን ይያዛል። ተጫዋቹ፣ ዳኛው፣ የቴሌቪዥን ባለሙያው እዚሁ ይበላል፣ እዚሁ ይተኛል። ባጃጁ ይሠራል፣ አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጠው ይሠራል። ለአንድ ቀን መጥቶ የሚመለስ ቡድን ይሄን ያመጣል?

የሐይቅ ዳር ልጅ
እህቴ፣ እንጀራሽን አልነካም። ግን ያንን የሆቴል ሂሳብ የሚከፍለው ማነው? አብዛኛው ክለብ የሚኖረው ከመንግሥት በሚሰጠው በጀት ነው። የሌላ ከተማ ካዝና እዚህ ይከፍላል፣ የእኛ ካዝና ደግሞ እዚያ ይከፍላል። ሳምንታት ሙሉ ሠላሳ ምናምን ሰው ማሳደር ቀላል ወጪ አይደለም። በዚያ ላይ በራስህ ሜዳ ትኬት ሸጠህ የምታገኘው ገቢ የለም። እንዲህ እየኖረ ክለብ በራሱ እግር መቆም አይችልም።

ከአዳማ
እኛም ከተማ የዩኒቨርሲቲው ሜዳ ሊጉን ስላስተናገደ ነገሩን እናውቀዋለን። ሁለት ነገር ረሳችሁ። አንደኛ ስርጭቱ። ካሜራው አንድ ቦታ ተተክሎ ሁሉንም ጨዋታ ይቀርጻል። በየከተማው ከተበተነ ብዙ ጨዋታ ሳይታይ ይቀራል። ሁለተኛ ሜዳው። ብሔራዊ ቡድናችን በሰኔ 2014 ግብጽን 2 ለ 0 ያሸነፈው የት ነው? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ። ስታዲየሞቻችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍ) መስፈርት ስላላሟሉ የሜዳችንን ጨዋታ ሰው አገር ነው የተጫወትነው። ሦስት ጊዜ የአፍሪካ ዋንጫ አዘጋጅታ በ1954 ዋንጫውን የወሰደች አገር! መጀመሪያ ሜዳ ይሠራ፣ ከዚያ እንመለስ።

የሐይቅ ዳር ልጅ
ተገላቢጦሹ ነው ወንድሜ። በራሱ ሜዳ የማይጫወት ክለብ ለሜዳው ምን አገባው? ሣሩ ቢደርቅ፣ መልበሻ ክፍሉ ቢያፈስ የሚጮህ ደጋፊ የለም። ሜዳ ባለቤት የሚኖረው ሰው ሲገባበት ነው።

ልጆቹንም አስባቸው። ለብሔራዊ ቡድን የተጫወቱት አዳነ ግርማና ሽመልስ በቀለ ከዚህ ከተማ ነው የወጡት። አገራችን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አልፋ በ2005 ዛምቢያን ስትገጥም አቻ ያደረገን የአዳነ ጎል ነው። የዛሬው የሐዋሳ ታቦር ልጅ የከተማውን ቡድን ዓመቱን ሙሉ በዓይኑ ካላየ የማንን ማልያ ይመኛል? የአርሴናልን ነው የሚመኘው፣ እያየነው ነው።

ከይርጋዓለም
ሲዳማ ቡና ይርጋዓለም ላይ ሲጫወት ከተማው የገበያ ቀን ይመስል ነበር። ከገጠር ሰው በእግሩ ይመጣ ነበር። እኛስ መቼ ነው የምናየው?

የተጫዋች እህት
ስለ ትኬትና ስለ ሆቴል ታወራላችሁ። እኔ ስለ ወንድሜ ላውራ። 2010ን እና 2011ን አስታውሱ። የአማራና የትግራይ ክለቦች አንዱ ሌላው ሜዳ መሄድ አቅቶት በገለልተኛ ሜዳ ሲጫወቱ ነበር። ወንድሜ ለጨዋታ በአውቶቡስ ሲሄድ እናታችን እስኪደውል ድረስ እህል አትቀምስም ነበር። አሁን አንድ ከተማ ሲቀመጥ ቢያንስ እንቅልፍ አላት። መንገዱ ዛሬም በየቦታው አስተማማኝ አይደለም። ባዶ ወንበር ያሳዝነኛል፣ እውነት ነው። ሰው ግን ይበልጣል።

የሐይቅ ዳር ልጅ
ያነሳሽው ከሁሉም የከበደ ነው፣ እህቴ። አላቃልለውም። ለዚህ ነው ሁሉም በአንድ ቀን ይመለስ የማልለው። አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ሐዋሳ በአንድ መስመር ላይ ናቸው፣ ሦስቱም ሊጉን አስተናግደዋል። በእነዚህ ከተሞች ያሉ ክለቦች እርስ በርስ ሲገናኙ በደርሶ መልስ ይጫወቱ። የቀረው እንዳለ ይሁን። መንገዱ ሲያስተማምን ሌላው ይጨመር። የቴሌቪዥን ካሜራም ከሐዋሳ አዳማ መሄድ አይከብደውም።

ከአዳማ
ይሄ ከሆነ እኔም አስብበታለሁ። ግን የደጋፊ ጠብ ቢነሳ ተጠያቂው ማነው? ክለቡ ነው፣ አክሲዮን ማህበሩ ነው ወይስ ፖሊስ? ይሄ ተጽፎ ካልተቀመጠ ሁሉም እጁን ይታጠባል።

የተጫዋች እህት
እኔም ያንን ነው የምጠይቀው። አውቶቡሱን ማን ያጅባል? ደጋፊው ድንጋይ ቢያነሳ ክለቡ ምን ይቀጣል? ለአክሲዮን ማህበሩ የምትጽፉት ደብዳቤ ከዚህ ከጀመረ እፈርማለሁ።

የሐይቅ ዳር ልጅ
የመጀመሪያው አንቀጽ ያንቺው ይሁን። ዛሬ ማታ ጽፌ እዚሁ አስቀምጣለሁ፣ አርሙት።

ሆቴል ሠራተኛዋ
እኔ አልፈርምም። ሐዋሳ የአንድ ዙር አስተናጋጅነቷን እንደማታጣ መጀመሪያ ይጻፍልኝ።