የ1969 ቤዝቦል ካርድ፦ ስሙ በቢጫ ፈንታ በነጭ የተጻፈው ዋጋ አለው?

የሳሮን እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ነው የምኖረው። የማስታምማቸው አንድ አሜሪካዊ አዛውንት ባለፈው ሳምንት ለልጄ የጫማ ካርቶን ሙሉ የድሮ ቶፕስ ካርድ (ቶፕስ የሚባለው ኩባንያ የሚያትመው፣ የቤዝቦል ተጫዋች ፎቶ ያለበት ካርድ) ሰጧት። እሷም መሬት ላይ ዘርግታ ስትደረድር ሁለት የዊሊ ማኮቪ ካርድ አገኘች። ፎቶው አንድ ነው፤ ጀርባው ላይ ያለው ቁጥርም አንድ ነው፣ 440። ግን «ማኮቪ» የሚለው በአንዱ በቢጫ፣ በሌላው በነጭ ነው የተጻፈው። ለአንድ ባለ ሱቅ ባሳየው «ነጩን ፀሐይ መቶት ነው» አለኝና ለካርቶኑ በሙሉ 150 ዶላር ልስጥሽ አለ። ልሽጥለት? የሚያውቅ ሰው እባካችሁ።

ዳላስ ሰብሳቢው፦
እህቴ፣ እንዳትሸጪለት! ከልጅነቴ ጀምሮ የምሰበስበው ይህን ዓመት ነው። የ1969ኙ ቶፕስ 664 ካርድ አለው። ከ426 እስከ 512 ባለው ክፍል ውስጥ 23 ያህሉ በሁለት ዓይነት ወጥተዋል፤ አብዛኛው በቢጫ፣ ጥቂቱ በነጭ ፊደል። 440 ከነዚህ አንዱ ነው። ማኮቪ ደግሞ በዚያው ዓመት የናሽናል ሊግ (ከሁለቱ ትልልቅ የአሜሪካ ቤዝቦል ሊጎች አንዱ) ምርጥ ተጫዋች የተባለ ሰው ነው፤ ፈላጊ አያጣም። አሁኑኑ ካርቶኑ ውስጥ 485ን፣ ጌይሎርድ ፔሪን፣ እና 500ን፣ ሚኪ ማንትልን ፈልጊ። ማንትል ጨዋታ ያቆመው በ1969 ነው፤ የመጨረሻ ካርዱ ስለሆነ ቢጫውም ቢሆን ይፈለጋል፤ ነጩማ ሌላ ነገር ነው።

ግን ነጭ ሁሉ ብርቅ አይደለም። በ1958ቱ ነገሩ ተገልብጦ ታገኚዋለሽ፤ የሃንክ አሮን ስም በነጭ የተጻፈው የተለመደው ነው፣ በቢጫ የተጻፈው ነው የሚጠፋው። ስለዚህ ከቀለሙ በፊት ዓመቱንና ቁጥሩን ማየት ነው።

አሮጌው አታሚ፦
አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ ቤዝቦል ምንም አላውቅም፤ ስለ ቀለም ግን ልንገርሽ። ባለሱቁ ያለው ሊሆን የሚችል ነገር ነው፤ ፀሐይ ቀድሞ የሚበላው ቀዩንና ቢጫውን ነው። ነገር ግን ፀሐይ ፊደል መርጦ አይበላም። ማሽኑ ላይ ያሉት አራት ቀለሞች ናቸው፦ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊና ጥቁር። አረንጓዴ የሚገኘው ቢጫና ሰማያዊ ሲደራረቡ ነው። ቢጫው ከካርዱ ሁሉ ለቅቆ ቢሆን ኖሮ ሳር ያለበት ቦታ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ የሰውየው ፊትም ይለወጣል። የወርቅ ሠሪ አጉሊ መነጽር ፈልጊና ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን አድርገሽ ፊቱ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ነጠብጣቦች አስተያዪ። ቢጫው ነጠብጣብ በሁለቱም እኩል ካለ፣ ፊደሉ ከማሽኑ ሲወጣም ነጭ ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ካርዱን መብራት ሥር ዘንበል አድርጊው። ሰው ፊደሉን ፍቆ ወይም በኬሚካል አጥቦ ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ የወረቀቱ ወዝ ይጠፋል።

ሲስተር ከቨርጂኒያ፦
የኔ እመቤት፣ እኔም ቤት ለቤት ነው የምሠራው። ብዙ ኤጀንሲዎች ከታማሚ ስጦታ መቀበልን ይከለክላሉ። ሽማግሌው ቢረሱ ወይም ልጆቻቸው ቢጠይቁ ሥራሽን ልታጪ ትችያለሽ። ከመሸጥሽ በፊት ለቤተሰቡ ተናገሪ፤ ለኃላፊሽም አሳውቂ።

ዳላስ ሰብሳቢው፦
ሲስተር ልክ ነሽ፣ እኔ አላሰብኩትም ነበር። እስከዚያው ካርዶቹን በላስቲክ አትሰሪያቸው፤ ጠርዙን ይበላዋል። እያንዳንዱን ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ አስገቢው። ዋጋ ለማወቅ ኢቤይ ላይ የተጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን እዪ። ፒኤስኤ (ካርድ መርምሮ ደረጃ የሚሰጥ ድርጅት) ልኮ ማስመርመር ገንዘብ ያስወጣል፤ ለነጩ ማኮቪ ግን ያዋጣል፣ በተለይ አራቱ ማዕዘን ካልተዶለዶመ።

የሳሮን እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አጉሊ መነጽር ከአንድ ሰዓት ሠሪ ተውሼ አየሁት። ጋሽዬ አታሚው እንዳሉኝ ፊቱ ላይ ቢጫው ነጠብጣብ በሁለቱም አለ፤ ነጩ ፊደል ውስጥ ግን አንድም የለም። ወዙም አልጠፋም። ማንትልና ፔሪ አልተገኙም።

ትናንት ለሽማግሌው ልጅ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። ነጩን ካርድ መልሼ ለአባቱ ሰጠሁ፤ ራሳቸው ሊያስመረምሩት ነው። ካርቶኑ ውስጥ የቀረውን ልጁ በጽሑፍ ለሳሮን ፈቅዶላታል፣ ኃላፊዬም አውቃለች። ሳሮን አሁን በቁጥር እየደረደረች ነው፤ 512 ላይ ደርሳለች።